የዶሮ አጥንት ጤንነት አለካክ

ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ገላጭ ድርሰት፤ አድራጊና ተደራጊ ግሶች

ሀ. ከምንባቡ በፊት

ዶሮ ሲገዛ ሳታዩ አልቀራችሁም። ገዢው ዶሮውን አንሥቶ በእጁ ይመዝናል፤ ደረቱን ይዳብሳል፤ ላባው ቀይ፣ ገብስማ ወይም ወሰራ መሆኑን ይመለከታል። ከዚያ በኋላ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ዶሮውን መሬት ላይ አቁሞ አካሄዱን የሚመለከት ገዢ ግን ስንት ጊዜ አጋጥሟችኋል? ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት ተወያዩ።

ለ. ምንባብ

መካነ ብርሃን በሰሜን ጎንደር ዞን የጃን አሞራ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው ደጋ የአገር ዶሮ ውሎው ከደጅ ነው። ከአውድማ የተረፈ ገብስ ይለቅማል፤ አፈር ጭሮ ትል ያወጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ክንፉን ዘርግቶ ይሞቃል፤ ሲመሽ ቆጥ ላይ ይሰፍራል። ዕድገቱ አዝጋሚ፣ ሥጋው ጥቂት ነው። እግሩ ግን ብርቱ ስለሆነ ሸለምጥማጥ ሲመጣበት ሮጦ ለማምለጥ አይሰንፍም።

ለሥጋ ተብሎ የተመረጠው ዶሮ ከዚህ ይለያል። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት የ1957፣ የ1978 እና የ2005 ዝርያዎችን አንድ ዓይነት መኖ እየመገቡ ጎን ለጎን አሳድገው ነበር። በ56ኛው ቀን ሲመዘኑ የ1957ቱ 905 ግራም፣ የ1978ቱ 1808 ግራም፣ የ2005ቱ ደግሞ 4202 ግራም ሆነው ተገኙ። መኖው አንድ፣ ዕድሜውም አንድ ሆኖ ሳለ ክብደቱ ከአራት እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሸክም የሚይዙት ሁለት እግሮች ናቸው፤ አጥንታቸውም ለመጠንከር ያገኘው ጊዜ ያንኑ 56 ቀን ብቻ ነው።

አሁን አንዲት የመካነ ብርሃን ሴት የሥጋ ጫጩቶችን ከጎንደር አስመጥተው በቤታቸው አሳደጉ እንበል። ጫጩቶቹን ብርድ እንዳይመታቸው ከውስጥ ዘግተው በፉርሽካና በበቆሎ ቀለቧቸው። በስድስተኛው ሳምንት አንድ የጎረቤት ወጣት ሊጠይቃቸው ገባ።

«እትዬ፣ ዶሮዎችዎ እንዴት ሰብተዋል!»

«መስባቱንስ ሰብተዋል፣ ልጄ። ነገር ግን ሦስቱ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተነሥተው ውኃው ዘንድ መድረስ አቅቷቸዋል። የሰው ዓይን አርፎባቸው ይሆን?»

የሴትዮዋ ጥያቄ ሊናቅ አይገባውም። ሚዛን ዶሮው ሰብቷል ይላል፤ ዶሮው ግን አይቆምም። ሚዛን የተሸከመውን እንጂ ተሸካሚውን አይነግረንም። ታዲያ ተሸካሚው እንዴት ይለካል?

የመጀመሪያው መለኪያ ዓይን ነው፤ ሥርዓት የተበጀለት ዓይን ግን መሆን አለበት። በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው ኬስቲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 የዶሮን አካሄድ ከ0 እስከ 5 በሚደርስ ደረጃ መመደብ እንደሚቻል አሳዩ። አንዳች እንከን ሳይኖርበት የሚራመድ ዶሮ 0 ያገኛል። እንከን እንዳለበት ቢታወቅም መራመድ ያላገደው 2፣ እንከኑ እንቅስቃሴውን የሚያውክበት 3፣ ሲነዱት ብቻ ጥቂት የሚራመድ 4፣ ጨርሶ መራመድ የማይችል 5 ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በዚያው አገር 51 ሺህ የሚሆኑ የሥጋ ዶሮዎች በ40 ቀን ዕድሜያቸው ገደማ በዚህ ዓይነት መመዘኛ ታይተው 27.6 ከመቶው አካሄዳቸው የታወከ፣ 3.3 ከመቶው ደግሞ መራመድ የተሳናቸው ለመሆን የተቃረቡ ሆነው ተገኝተዋል። ሴትዮዋ «ሦስቱ አቅቷቸዋል» ሲሉ ሳያውቁት 4 ወይም 5 ሰጥተዋል።

ነገር ግን የሚያነክስ ዶሮ ያመዋል ወይስ አካሄዱ ብቻ ነው የተበላሸው? ዶሮ ተናግሮ አያስረዳም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የብሪስቶል ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ብልሃት አገኘ። ለዶሮዎቹ ሁለት ዓይነት መኖ ቀረበላቸው፤ አንዱ ተራ መኖ ሲሆን ሌላው የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት የተጨመረበት ነበር። አንካሶቹ ዶሮዎች መድኃኒት ያለበትን ከጤነኞቹ አብልጠው መረጡ፤ ማነከሳቸው በበረታ መጠንም ከመድኃኒቱ የሚወስዱት በዛ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

ሌላው ዘዴ የመቆም ፈተና ነው። ዶሮው ለብ ያለ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ይቆማል። መቀመጥ ያርሰዋልና በተቻለው መጠን ቆሞ ለመቆየት ይጥራል። እስኪቀመጥ የፈጀው ጊዜ በሰዓት ይያዛል። እግሩ ጤነኛ የሆነ ረጅም ጊዜ ይቆማል፤ እግሩ የታመመ ቶሎ ይቀመጣል። በዚህ ፈተና ተመልካቹ አስተያየት አይሰጥም፤ ሰከንድ ይቆጥራል እንጂ።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በሕይወት ባለ ዶሮ ላይ የሚደረግ ነው። ወደ አጥንቱ ውስጥ ለመግባት ግን አጥንት ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይገባል። ይህን በቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከዶሮ ወጥ የተረፉ ሁለት የቅልጥም አጥንቶችን አጽዱ። አንዱን በአቼቶ ውስጥ ነክራችሁ አቼቶውን እየለወጣችሁ አንድ ሳምንት ያህል አቆዩት። ስታወጡት እንደ ጎማ ይተጣጠፋል፤ ማዕድኑ ሟሙቶ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ብቻ ቀርቷልና። ሁለተኛውን በፍም ላይ አቃጥሉት። ቅርጹን እንደያዘ ነጣ ይልና በጣት ሲነኩት ይፈረካከሳል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ፕሮቲኑ ነድዶ ካልሲየምና ፎስፎረስ የበዛበት ማዕድን ብቻ ቀርቷል። ፕሮቲኑ አጥንቱን ከመሰባበር፣ ማዕድኑ ከመተጣጠፍ ይጠብቀዋል።

በቤተ ሙከራ የሚደረገውም ከዚሁ እሳት የራቀ አይደለም። ከመንጋው ጥቂት ዶሮዎች ተመርጠው ይታረዳሉ። የቅልጥም አጥንታቸው ከሥጋው ይለያል፤ ቅባቱ በኤተር ይወጣል፤ አጥንቱ ደርቆ ይመዘናል። ከዚያ በኋላ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚግል ምድጃ ውስጥ አመድ እስኪሆን ይቃጠላል፤ አመዱም ይመዘናል። የአመዱ ክብደት ለደረቁ አጥንት ክብደት ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የአጥንቱ ማዕድን ከመቶ ስንት እንደሆነ ይታወቃል። ለስሌት ያህል፣ ከሁለት ቤት የመጡ ሁለት አጥንቶች ደርቀው እያንዳንዳቸው 6.0 ግራም ይመዝናሉ እንበል። የአንዱ አመድ 3.0 ግራም፣ የሌላው 2.4 ግራም ቢሆን ፊተኛው 50 ከመቶ፣ ኋለኛው 40 ከመቶ ማዕድን አለው። ከመቃጠላቸው በፊት በሚዛን ላይ እኩል ነበሩ።

አጥንቱ ሳይቃጠል በፊት ጥንካሬውም ሊፈተን ይችላል። ሁለቱ ጫፎች በድጋፍ ላይ ይቀመጡና መካከሉ ቀስ በቀስ ይጫናል፤ የተሰበረበትም ኃይል በኒውተን ይመዘገባል።

ወደ ሴትዮዋ ዶሮዎች እንመለስ። አመዱ አንሶ ቢገኝ ጥርጣሬው በቅድሚያ ወደ መኖውና ወደ ብርሃኑ ያመራል። ፉርሽካ ፎስፎረስ አያንሰውም። ዳሩ ግን በእህል ውስጥ ካለው ፎስፎረስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፋይቴት በሚባል ውሁድ ተይዞ ስለሚገኝ ዶሮ ፈትቶ ሊጠቀምበት የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ነው። የመኖ ፋብሪካዎች ፋይቴዝ የተባለ ኤንዛይም የሚጨምሩት ይህን ለመፍታት ነው። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ብቻውን አይበቃም፤ ካልሲየም እንጂ ፎስፎረስ እምብዛም የለውምና። በሚገባ ተቀቅሎ የተፈጨ የአጥንት ዱቄት ግን ሁለቱንም ይሰጣል።

ብርሃንስ? ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ቪታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ይህም ቪታሚን በፀሐይ ብርሃን አማካይነት በዶሮው ቆዳ፣ ይልቁንም ላባ በሌለው የእግሩ ቆዳ ውስጥ ይሠራል። የአገሩ ዶሮ ክንፉን ዘርግቶ ሲሞቅ ሳያውቀው አጥንቱን ይገነባል። ቪታሚን ዲ ከመታወቁ በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ ጫጩቶችን በክረምት ቤት ውስጥ ዘግቶ ማሳደግ አስቸጋሪ የነበረው እግራቸው እየተልፈሰፈሰ ነው። የሴትዮዋ ጫጩቶችም ከብርድ ተጠብቀው ከብርሃን ተከለከሉ፤ ያውም መካነ ብርሃን በተባለች ከተማ! በመስታወት በኩል የሚገባ ብርሃንም ለዚህ አይጠቅምም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ሆኖም የእግር ሕመም ሁሉ ከመኖ ወይም ከብርሃን አይመጣም። ባክቴሪያ የአጥንቱን ጫፍ ሲያበሰብስም ዶሮው ያነክሳል፤ ይህን የአጥንት ዱቄት አያድነውም። ስለዚህ ከመፍትሔው በፊት ምርመራ ይቀድማል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ በቢሾፍቱም የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የዶሮ ምርምር ከሚካሄድባቸው ነባር ስፍራዎች አንዱ ነው።

ሐ. ሰዋስው

1. በምንባቡ ውስጥ አሠራር ሲገለጽ «ይታረዳሉ፣ ይለያል፣ ይመዘናል፣ ይቃጠላል» የሚሉት ግሶች መጥተዋል። እነዚህ ተደራጊ ግሶች ናቸው። በአድራጊ ግስ «ሐኪሙ አጥንቱን ይመዝናል» ሲባል ድርጊቱ የሚያርፍበት ስም «ን» ይይዛል። በተደራጊ ግስ ግን «አጥንቱ ይመዘናል» ይባላል፤ «ን» ይወድቃል፣ ሐኪሙም ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ማንም ቢሠራው ውጤቱ አንድ በሚሆንበት ጊዜ ሠሪውን መተው ተገቢ ነው። ተጠያቂ ሰው ባለበት ጊዜ ግን እንዲህ ያለው አጻጻፍ መሸሸጊያ ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ። «ጫጩቶቹ ከብርሃን ተከለከሉ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ከልካዩ ማን ነው?

2. «ይመዝናል» እና «ይመዘናል» በፊደል ይለያያሉ። «ይለካል» ግን አያድርስ ነው! «ተማሪው ርዝመቱን ይለካል» ስንል «ለ» ላልቶ ይነበባል፤ «ርዝመቱ ይለካል» ስንል ደግሞ ጠብቆ ይነበባል። ጽሑፋችን ማጥበቂያ ምልክት ስለሌለው ልዩነቱን የምናውቀው ከ«ን» እና ከዐውዱ ነው። «ዶሮው ይበላል» የሚለውንም እንዲሁ አላልታችሁና አጥብቃችሁ አንብቡት፤ በአንዱ ንባብ ዶሮው እየጠገበ ነው፣ በሌላው ግን ድስት ውስጥ ነው።

3. «መካነ ብርሃን» የግእዝ አያያዝ ነው፤ «መካን» የሚለው ስም መድረሻውን ወደ ግእዝ ፊደል ለውጦ «መካነ» በመሆን ከ«ብርሃን» ጋር ተናብቧል። «ቤተ ሙከራ» ም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። በዚህ ዓይነት የተመሠረቱ አራት ቃላት ፈልጋችሁ ጻፉ።

4. «ለካ» ከሚለው ግስ «ልክ፣ ልኬት፣ ለኪ፣ መለኪያ፣ አለካክ» የሚሉ ስሞች ይወጣሉ። እያንዳንዱን በዓረፍተ ነገር አስገቡ። «መዘነ» ከሚለውስ ምን ምን ይወጣል?

መ. ስለ ድርሰቱ

ገላጭ ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ አብዝቶ የሚሳሳተው በቅጽል ነው። «የዶሮው አጥንት በጣም ደካማ ነው» ብሎ ያልፋል። በምን ያህል? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ማን አይቶ? «ደረጃው 4 ነው»፣ «በውኃው ውስጥ አንድ ደቂቃ ቆሞ ተቀመጠ»፣ «አመዱ 40 ከመቶ ነው» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ግን ሌላ ሰው መልሶ ሊፈትናቸው የሚችላቸው ናቸው። እንዲህ ሲባል ቁጥር ሁሉን ይተካል ማለት አይደለም። ሴትዮዋ «ውኃው ዘንድ መድረስ አቅቷቸዋል» ባሏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቁጥር የለም፤ ሆኖም የታየ ነገር ስለተነገረባት «ደካማ ናቸው» ከማለት ትሻላለች። ቁጥር ባይኖራችሁ ያያችሁትን ጻፉ።

ሠ. መልመጃ

1. የዶሮ ሚዛን ስለ አጥንቱ ጤንነት የማይነግረን ለምንድን ነው? ከምንባቡ ሁለት ማስረጃ ጥቀሱ።

2. የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት የተጨመረበት መኖ ለምን ቀረበ? ጤነኞቹ ዶሮዎች በጥናቱ ውስጥ ባይገቡ ኖሮ ውጤቱ ምን ይጎድለው ነበር?

3. ስለ ቤተ ሙከራ አሠራር የሚናገረውን አንቀጽ ተደራጊ ግሶቹን ወደ አድራጊ ለውጣችሁ እንደገና ጻፉት። «ሐኪሟ» የሚለውን ባለቤት አድርጉ፤ «ን» የሚገባበትን ስፍራ አትዘንጉ።

4. ደርቆ 5.5 ግራም የመዘነ አጥንት ተቃጥሎ 2.2 ግራም አመድ ቢሰጥ ማዕድኑ ከመቶ ስንት ነው? መልሱን በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

5. በአካባቢያችሁ ሰዎች በእጅ ወይም በዓይን የሚለኩትን አንድ ነገር ምረጡ፦ የበሬ አቅም፣ የገብስ መድረቅ፣ የማር ጥራት ወይም ሌላ። አለካኩን ከሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ከ150 እስከ 200 ቃላት ባለው ገላጭ ድርሰት አብራሩ። «በጣም» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም አትጠቀሙ።