የለመደ እጅና የተለወጠ ቁልፍ፦ የምስል አርትዖት ሶፍትዌር አዲስ ስሪት ከዳንግላ ፎቶ ቤቶች ሥራ አንጻር

መግቢያ

የፎቶ አርትዖት በሁለት እጅ የሚሠራ ሥራ ነው። ቀኝ እጅ ማውሱን ይዞ በምስሉ ላይ ሲመላለስ፣ ግራ እጅ በቁልፍ ሰሌዳው ግራ ጥግ አርፎ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ኦልትን ከፊደል ቁልፎች ጋር እያጣመረ ትእዛዝ ይሰጣል። ልምድ ያለው ባለሙያ የትኛውን ቁልፍ እንደነካ በድንገት ቢጠየቅ ለመመለስ እጁን ማየት ያስፈልገዋል። ዕውቀቱ አለ፤ ያለው ግን ከቃል ይልቅ በጣት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ሶፍትዌሩ በአዲስ ስሪት ሲተካና የቁልፎቹ ትርጉም ሲለወጥ ይህ የጣት ዕውቀት ምን ይሆናል የሚል ነው።

ለመመርመሪያነት የተመረጠው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2018) የወጣው ፎቶሾፕ ሲሲ 2019 ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ስሪት የተለወጡት ትእዛዞች ጥቂት ቢሆኑም ሁሉም በቀን ውስጥ እጅግ ተደጋግመው የሚነኩ ናቸው።

ጉዳዩ የሚታየው ከዳንግላ አንጻር ነው። ዳንግላ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የአዊ ዞን ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከተማ ፎቶ ቤት የሚሠራው ጉርድ ፎቶ፣ የሠርግና የምርቃት ፎቶ፣ የጥሪ ካርድና ባነር ነው። ሥራው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመጣም፤ በጥምቀት፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት በጥር 23 ሰሞንና በምርቃት ወራት ይከማቻል። ጽሑፉ የመስክ ቆጠራ አላካሄደም። የሶፍትዌሩን የትእዛዝ ለውጥ ከሥነ ልቡናና ከሰውና ኮምፒውተር ግንኙነት ጥናቶች ጋር አገናዝቦ በዚህ ዓይነት የሥራ ቦታ ላይ የሚያስከትለውን ይተነትናል።

ሁለት ቁልፎች ቦታ ሲለዋወጡ

ከ2019 ስሪት በፊት በፎቶሾፕ ኮንትሮልና ዜድ የሚመልሰው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሲነካ የተመለሰውን እርምጃ መልሶ ያመጣዋል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲነካ እንደገና ይሰርዘዋል። ወደ ኋላ ብዙ እርምጃ መሄድ የፈለገ ሰው ኮንትሮልን፣ ኦልትንና ዜድን በአንድነት ይነካ ነበር። አዲሱ ስሪት እነዚህን ሁለት ጥምረቶች አለዋወጣቸው። ኮንትሮልና ዜድ በተነካ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየሄደ ይቀጥላል፤ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዜድ ደግሞ የመጨረሻውን እርምጃ ብቻ የሚያጠፋና የሚያበራ ሆነ። ወደ ፊት የሚወስደው የኮንትሮል፣ የሺፍትና የዜድ ጥምረት በቦታው ቆየ።

ለውጡ ከሌሎች ሶፍትዌሮች ጋር ሲነጻጸር ተገቢ ነው ሊባል ይችላል፤ በጽሑፍ ማቀናበሪያም ሆነ በሌላ ቦታ ኮንትሮልና ዜድ በተደጋጋሚ ወደ ኋላ ይመልሳል። ለጀማሪ ቀላል ነው። አስቸጋሪ የሚሆነው አሥር ዓመት በአሮጌው ለሠራ ሰው ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ምስልን በማሳደግና በማሳነስ ላይ የመጣው ነው። ቀድሞ የምስሉ ቁመትና ስፋት ተመጣጥኖ እንዲያድግ ሺፍት ተይዞ ጥጉ ይጎተት ነበር፤ ሺፍት ካልተያዘ ምስሉ ይጣመማል። በአዲሱ ስሪት ያለ ሺፍት ሲጎተት ተመጣጥኖ ያድጋል፤ ሺፍት ከተያዘ ይጣመማል። በዚህ ላይ ስሪቱ መጀመሪያ ሲወጣ ደንቡ ለሁሉም አንድ አልነበረም፤ ፎቶዎችና ጽሑፎች በአዲሱ ሲመሩ በመስመር የተሳሉ ቅርጾች በቀድሞው ቀጠሉ። ባነር የሚሠራ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ፎቶውንና የፎቶውን ክፈፍ በተቃራኒ ደንብ ማሳደግ ነበረበት ማለት ነው። ይህን አሠራር በበጎ ማየት ያስቸግራል።

ልማድ ለምን እንቅፋት ይሆናል?

ፊትስና ፖስነር እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረቡት ማብራሪያ ሰው አንድን የእጅ ሥራ ሲማር በሦስት ደረጃዎች ያልፋል። መጀመሪያ እያሰበ ይሠራል፤ ቀጥሎ ድርጊቶቹን ያያይዛል፤ በመጨረሻ ሳያስብ ይሠራል። ሦስተኛው ደረጃ የደረሰ ሰው ትኩረቱ ከቁልፉ ተነሥቶ ወደ ምስሉ ይሄዳል፤ የሙያው ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ስሪት ግን ይህን ሰው ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመልሰዋል። ከጀማሪም ይልቅ ይከብደዋል፤ ጀማሪ የሚማረው ነገር ብቻ ሲኖረው እርሱ የሚረሳውም አለበት።

ኦስጉድ እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳሳየው ቀድሞ የተማሩት አዲሱን መማር የሚያግዘው ወይም የሚያደናቅፈው ምልክቱና ምላሹ ባላቸው ዝምድና መጠን ነው። ምልክቱ አዲስ ሆኖ ምላሹ ከቀድሞው ጋር ቢመሳሰል ትምህርቱ ይቀላል፤ ምልክቱ ያው ሆኖ ምላሹ ሲለወጥ ይከብዳል። ጥንድ ቃላትን በማስጠናት የተደረጉ የኋላ ሙከራዎች ደግሞ ከሁሉ የበለጠ መደናቀፍ የሚያስከትለው ያሉት ምልክቶችና ያሉት ምላሾች እርስ በርስ ሲለዋወጡ መሆኑን አሳይተዋል። በኮንትሮልና ዜድ ላይ የሆነው በትክክል ይህ ነው። አዲስ ቁልፍ አልመጣም፤ አዲስ ተግባርም አልመጣም፤ ሁለቱ ብቻ ቦታ ተለዋወጡ። ከጽሕፈት ጠረጴዛ ትንሽ የሚመስለው ለውጥ ለእጅ ትልቅ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የሚባክነው ጊዜ ነው ወይስ ሥራ?

ስለ አቋራጭ ቁልፎች ሲጻፍ ዘወትር የሚነሣው የጊዜ ቁጠባ ነው። ካርድ፣ ሞራንና ኒዌል እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረቡት ስሌት ይህን ለመመዘን ይረዳል። በእነርሱ ግምት ሠልጥኖ የሚጽፍ ሰው አንድ ቁልፍ ለመንካት 0.2 ሰከንድ፣ ማውስን ወደ አንድ ቦታ ለማመልከት 1.1 ሰከንድ፣ ለማሰብ 1.35 ሰከንድ ይወስድበታል። ሁለት ቁልፍ መንካት 0.4 ሰከንድ ነው። ያው ትእዛዝ በዝርዝር ማውጫ ሲሰጥ አንድ ጊዜ ማሰብ፣ ሁለት ጊዜ ማመልከትና ሁለት ጊዜ መጫን ይጠይቃል፤ ድምሩ 3.95 ሰከንድ ነው። በምስል አርትዖት ቀኝ እጅ ከማውስ ስለማይነሣ እጅን ለማዘዋወር የሚታሰበው 0.4 ሰከንድ እዚህ አልተጨመረም። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ገደማ ይመጣል።

አሥር እጥፍ ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ሠራተኛው በአዲሱ ቁልፍ ግራ ተጋብቶ በቀን መቶ ጊዜ ወደ ዝርዝር ማውጫው ቢሄድ የሚያጣው 355 ሰከንድ፣ ማለትም ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። በጥር 23 ዋዜማም ቢሆን ስድስት ደቂቃ ፎቶ ቤትን አይዘጋም። ሌንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ልምድ ያላቸው 251 የዎርድ ተጠቃሚዎችን ጠይቀው አብዛኞቹ አቋራጭ ቁልፍን እምብዛም እንደማይጠቀሙ ማግኘታቸው ሲታከልበት፣ የጊዜው ክርክር ከሚገባው በላይ እንደተጋነነ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የካርድና የባልደረቦቹ ስሌት የማይዘው ግን ስሕተትን ነው። የተሰላው ያለ ስሕተት ለሚሠራ ባለሙያ ሲሆን፣ የተለወጠ ቁልፍ ዋና ጉዳት ደግሞ በስሕተቱ ላይ ነው።

አንድ የፎቶ ቤት ሠራተኛ የሙሽራ ፊት እያጠራ ነው እንበል። በአሮጌው ልማድ ኮንትሮልና ዜድን ሁለት ጊዜ ይነካል፤ አንዱ «በፊት»ን፣ ሌላው «በኋላ»ን ለማየት ነው። በቀድሞው ስሪት ከሁለተኛው ንክኪ በኋላ ምስሉ ከነበረበት ቦታ ይገኛል። በአዲሱ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል። በጉንጭ ላይ የነበሩ ሁለት ትንንሽ ነጠብጣቦች ተመልሰው መጥተዋል፤ ሠራተኛው ግን ዓይኑ ግንባሩ ላይ ስለነበረ አላያቸውም። ብሩሹን አንሥቶ ቀጣዩን ሲነካ ወደ ፊት የመመለሻው መንገድ ይዘጋል፤ ፎቶሾፕ በተለመደው አሠራሩ ወደ ኋላ ተሂዶ አዲስ ሥራ ሲጀመር ከዚያ በኋላ የነበሩትን እርምጃዎች ከታሪክ መዝገቡ ይሰርዛል። ፎቶው ታትሞ ደንበኛዋ እጅ ሲገባ ነጠብጣቡ ይታያል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። አምስት እርምጃ ለመመለስ ኮንትሮልን፣ ኦልትንና ዜድን አምስት ጊዜ የነካ ሰው በአዲሱ ስሪት የሚመለሰው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ስድስት ጊዜ ከነካ ምንም አልተመለሰለትም። ቁጥሩ ጎዶሎ ወይም ሙሉ መሆኑ ውጤቱን ይወስነዋል። ለዚህም ነው አንዳንድ ጊዜ «ይሠራል»፣ አንዳንድ ጊዜ «አይሠራም» የሚመስለው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው የቁልፍ ሰሌዳው ተበላሽቷል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

በጉርድ ፎቶ ላይ የሺፍቱ ለውጥ የሚያመጣው ጣጣ ሌላ ነው። በልማድ ሺፍት የያዘ እጅ ፊትን ያሰፋል ወይም ያረዝማል። በትልቅ ፎቶ ወዲያው ይታያል፤ በትንሽ ጉርድ ላይ ጥቂት በመቶ የሰፋ ፊት ግን በችኮላ ሊያልፍ ይችላል። ፎቶው መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ ጉዳቱ ከመልክ ማማር ያለፈ ነው።

ከዚህ ጋር ጊምፕ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2012 በ2.8 ስሪቱ ያደረገውን ማነጻጸር ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ኮንትሮልና ኤስ የሚያስቀምጠው በሶፍትዌሩ በራሱ የፋይል ዓይነት ብቻ ሆነ፤ ጄፔግ ለማውጣት ኤክስፖርት የተባለውን የተለየ ትእዛዝ መስጠት ግድ ሆነ። ብዙ ተጠቃሚዎችን ያስቆጣ ለውጥ ነበር። ነገር ግን ስሕተቱ ይታያል፤ ጄፔግ የጠበቀ ሰው ሌላ የፋይል ዓይነት የሚያቀርብ መስኮት ይመጣበታል፣ እዚያው ያርማል። የፎቶሾፑ ስሕተት ግን ድምፅ የለውም። ለመልመድ የሚወስደው ጊዜ ከለውጡ ስፋት ይልቅ ስሕተቱ ቶሎ በመታየቱ ላይ የተመካ ይመስላል።

የግዕዝ ፊደል ሲጨመር

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ሰው ሌላ የቁልፍ ግጭት አለ፤ ምንጩ ፎቶሾፕ አይደለም። ዊንዶውስ ከቪስታ ስሪት (እ.ኤ.አ. 2007) ጀምሮ አማርኛን ይዟል። በኮምፒውተሩ ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ የአማርኛ አጻጻፍ ሲጨመር የግራ ኦልትና ሺፍት በአንድነት ሲነኩ ቋንቋ ይቀይራሉ። በፎቶሾፕ ደግሞ የድርብርብ ምስሎች መቀላቀያ ስልት የሚመረጠው በሺፍት፣ በኦልትና በአንድ ፊደል ነው። ባነር ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ከጻፈ በኋላ ወደ ፎቶው የተመለሰ ሠራተኛ የመቀላቀያ ስልት ሊመርጥ ሲል ሳያውቀው ወደ አማርኛ ይዘዋወራል፤ ከዚያ መሣሪያ ለመምረጥ የሚነካቸው ነጠላ ፊደሎች ላይሠሩ ይችላሉ። ከሶፍትዌር ማሻሻያ ጋር በአንድ ሳምንት ከተገጣጠመ ጥፋቱ ሁሉ በአዲሱ ስሪት ይመካኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በዊንዶውስ የቋንቋ ቅንብር ውስጥ የኦልትና የሺፍቱን መቀያየሪያ መሰረዝና ቋንቋን በዊንዶውስ ቁልፍና በክፍት ቦታ ቁልፍ ብቻ መቀየር።

መመለስ ወይስ መልመድ?

አዶቤ የተጠቃሚውን ልማድ የነካው ያን ጊዜ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በሲኤስ4 የቀለም ቻነሎችን መምረጫ ቁጥሮች አዛውሮ፣ በሲኤስ5 የቀድሞውን የሚመልስ ምርጫ ጨምሯል። በ2019 ስሪትም የቀድሞው የመመለሻ ቁልፍ በኤዲት ማውጫ ሥር ባለው የአቋራጭ ቁልፎች መስኮት በአንድ ምልክት ይመለሳል፤ ሶፍትዌሩ ተዘግቶ ሲከፈት ይጸናል። የማሳደጊያው ምርጫ በአጠቃላይ ቅንብር ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው።

ታዲያ ምርጫው ካለ ለምን አይመለስም? መልሱ በማን እንደሚሠራ ይወሰናል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት ብቻውን ለሚሠራ ባለሙያ መመለስ ጉዳት የለውም። ኮምፒውተሩን ከተለማማጅ ጋር ለሚጋራ ወይም ባሕር ዳር ካለ ማተሚያ ቤት ሄዶ በሌላ ሰው ማሽን ሥራ ለሚያርም ሰው ግን የተመለሰው ልማድ ሁለተኛ ችግር ይፈጥራል። ካሮልና ሮሶን እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳመለከቱት ሰው ሥራውን መጨረስ ስለሚያስቀድም የተሻለውን ዘዴ ለመማር አይቆምም፤ ስለዚህ «ለጊዜው» ተብሎ የተመለሰው ቅንብር ዘላቂ የመሆን ዝንባሌ አለው።

አዲሱን መልመድ የመረጠ ሰው ጊዜውን ሥራ ከሚበዛበት ወቅት ማራቅ አለበት። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ አዲስ ስሪት አለመጫን፣ ከተጫነም አሮጌውን አለማጥፋት ይበጃል፤ ዋና ዋና ስሪቶች ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉና፣ ጫኙ የቀድሞውን እንዳያስወግድ ምልክቱን ማንሣት ብቻ ያስፈልጋል። በመልመጃው ሳምንታት «በፊት»ንና «በኋላ»ን በዜድ ከማነጻጸር ይልቅ እርማቱን በተለየ ድርብ ላይ ሠርቶ የዓይን ምልክቱን ማጥፋትና ማብራት ከስሕተቱ ያድናል። ይህ ዘዴ በየትኛውም ስሪት አልተለወጠም።

በተጋራ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የአቋራጭ ቁልፎች ቅንብር የሚቀመጠው በእያንዳንዱ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስም ሥር ስለሆነ ለባለሙያውና ለተለማማጁ የተለያየ መግቢያ መክፈት ይቻላል። የቁልፎቹን መስኮት «ሰመራይዝ» የሚል አዝራር ሙሉውን ዝርዝር በአንድ ገጽ አውጥቶ ለማተም ይረዳል፤ የቅንብሩ ፋይልም በፍላሽ ሊቀመጥ ይገባል፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን አብሮ ይጠፋልና። ሁለቱ ሠራተኞች የሚሠሩባቸው ፎቶዎች ግን በዴስክቶፕ ላይ ሳይሆን ከሁለቱም መግቢያ በሚከፈት የጋራ ማኅደር ውስጥ መቀመጥ አለባቸው፤ ካልሆነ ተለማማጁ የጀመረውን ጉርድ ፎቶ ባለሙያው ፈልጎ አያገኘውም።