ለቁስለኞች የተሣለ ስቅለት

ስለ መንፈሳዊ ሥዕል ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ያምራል ወይ?» ብለን ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ለማን ተሣለ?» የሚለው ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ጀርመናዊው ሠዓሊ ማቲያስ ግሩነቫልድ እ.ኤ.አ. ከ1512 እስከ 1516 ገደማ ለኢዘንሃይም ገዳም የሣለው ስቅለት ነው። ዛሬ በፈረንሳይ አገር፣ በኮልማር ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

ሥዕሉ በመጀመሪያ ያስደነግጣል። የጌታችን ሥጋ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ያደላ ነው፤ መላ አካሉን ቁስል ሞልቶታል፤ ጣቶቹ ከሥቃዩ ጽናት የተነሣ ተወጥረው ተዘርግተዋል። ከበስተኋላው ጨለማ ነው። «እንዲህ አድርጎ መሣል ድፍረት አይሆንምን?» የሚል ሐሳብ ሊመጣብን ይችላል።

መልሱ ያለው በገዳሙ ታሪክ ውስጥ ነው። መነኮሳቱ የሚጠሩት፣ እኛም የመነኮሳት አባት ብለን በምናከብረው በግብጻዊው በአባ እንጦንስ ስም ነበር። ሥራቸውም «የእንጦንስ እሳት» በተባለው ደዌ የተያዙትን ማስታመም ነበር። ደዌው በእህል ላይ ከሚበቅል መርዛም ሻጋታ የሚመጣ ሲሆን፣ ገላን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ እጅና እግርንም አጥቁሮ እስከ መቆረጥ ያደርሳል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በወሎ ሰዎችን አጥቅቷል።

እንግዲህ ያ የሚያስደነግጠው ቀለም ለሕሙማኑ እንግዳ አልነበረም። በሽተኛው ቀና ብሎ ሲያይ የራሱን ቁስል በጌታው ሥጋ ላይ ያገኘዋል፤ ሕመሙን የሚያውቅለት እንዳለም ይረዳል።

ሌሎቹም ምልክቶች ትርጉም አላቸው። እመቤታችን እንደ መግነዝ የነጣ ልብስ ለብሳ በወንጌላዊው ዮሐንስ ክንድ ላይ ተዝለፍልፋለች። ከስቅለቱ በፊት አንገቱ የተቆረጠው መጥምቁ ዮሐንስ ደግሞ በመስቀሉ አጠገብ ቆሞ በጣቱ ወደ ክርስቶስ ያመለክታል። ሠዓሊው ታሪኩን ስቶ አይደለም፤ የዮሐንስን ምስክርነት ሊያሳይ ነው። ከአጠገቡ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቁጥር 30 ቃል ተጽፏል። በእግሩ ሥር ያለው በግ ደሙ ወደ ጽዋ ይፈስሳል።

የስቅለቱ ሰሌዳዎች ሲከፈቱ ደግሞ ከውስጥ የትንሣኤው ሥዕል ይታያል። ሌሊት ነው፤ ጌታችን ግን በቢጫና በቀይ ብርሃን ተከብቦ ተነሥቷል። ገላው ነጥቷል፤ ያ ሁሉ ቁስል የለም፤ የቀረው የችንካሩና የጦሩ ምልክት ብቻ ነው።

የስቅለቱ ቀለም ብቻውን ቢሆን ኖሮ በሽተኛውን ተስፋ ባስቆረጠው፤ ብርሃኑ ብቻ ቢሣል ደግሞ በራቀበት ነበር። እኛም የታመመ ልንጠይቅ ስንሄድ «አይዞህ፣ ይሻልሃል» ለማለት እንቸኩላለን። ግሩነቫልድ ግን ያስቀደመው ቁስሉን ነው። እንግዲህ መጀመሪያ አጠገቡ ተቀምጠን ሕመሙን እንስማለት፤ የተስፋው ቃል ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።