ቡችላ ከመግዛታችን በፊት እናቱን እንይ

በዛሬው የሳይንስና ጤና ዓምዳችን ቡችላ ስንገዛ ማወቅ ስላለብን ነገር እንማማራለን። «እንዴ! ይኼ ደግሞ ትምህርት ነው?» እንዳትሉ። መጀመሪያ እኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ።

ዓምና ክረምት ላይ ታናሽ ወንድሜ «ውሻ ግዙልኝ» እያለ አስቸገረ። አጎቴ ከገበያ ሲመለስ አስፋልት ዳር ቡችላ ታቅፎ ከቆመ ልጅ በ800 ብር ገዛለት። ሻጩ «የፈረንጅ ዘር ነው፣ ሁለት ወር ሞልቶታል፣ ተከትቧል» ብሎ ምሎ ነበር። ወረቀት ግን አልነበረውም። እናቱ የት እንዳለችም የጠየቀ የለም። ቤት ከገባ በኋላ እንጀራ ቢፈተፈትለት መብላት አቃተው። በሁለተኛው ቀን ሲጫወቱ የወንድሜን ጣት ነክሶ ትንሽ አደማው። በሦስተኛው ቀን ማስመለስና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ጀመረው። በአራተኛው ቀን ሞተ።

ልቅሶው ሳያልቅ ሌላ ጭንቀት መጣ። ወንድሜን ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ባለሙያዋ እንዲህ አለችን፦ «ውሻው በሕይወት ቢኖር መርፌውን ጀምረን ውሻውን 10 ቀን እናየው ነበር። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ መርፌው ይቆማል። የእናንተው ግን ሞቷል፤ መከተቡም አይታወቅም።» ስለዚህ ወንድሜ እየተመላለሰ መርፌውን ጨረሰ። አጎቴ «ብሩስ ይቅር፣ የልጁ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ» ይል ነበር። እኔም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሳሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

1. ዋጋው ስንት ነው?

በእኛ አካባቢ ለቡችላ የተቆረጠ ዋጋ የለም። የሐበሻ ውሻ ቡችላ ብዙ ጊዜ ከጎረቤት በነጻ ይሰጣል። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለው የውጭ ዘር ግን ውድ ነው። ውድ መሆኑ ብቻውን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ በነጻ መገኘቱም ወጪ የለውም ማለት አይደለም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንደምንሠራው እንደምረው፦

እውነተኛው ዋጋ = የተገዛበት + ክትባት + የሆድ ትል መድኃኒት + የየቀኑ ምግብ

ውሻ በደንብ ከተያዘ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አባባና እማማን «ግዙልኝ» ከማለታችን በፊት «በየዓመቱ እናስከትበዋለን ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

2. ሻጩ ማን ነው?

አባቶቻችን «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይላሉ። ለቡችላም ይሠራል። ጥሩ አራቢ እናቲቱን ሳይደብቅ ያሳያል። እናቲቱ ከስታ አጥንቷ ከወጣ፣ ሰው ስታይ ከተሸበረች ወይም ያለማቋረጥ ልጅ የምታስወልዱባት ከሆነ ይቅርባችሁ። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው፤ ከወለደች በኋላ ማረፍ አለባት። ሻጩን እነዚህን እንጠይቀው፦

ሀ) መቼ ተወለደ?
ለ) እናቱ ተከትባለች?
ሐ) የትል መድኃኒት ወስዷል?
መ) የክትባት ወረቀቱ የት አለ?

«እናቱ ሩቅ አገር ናት» ካለ እኛም ሩቅ እንሁን!

3. ዕድሜውን እንዴት እናውቃለን?

ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በተወለደ በ2 ሳምንት ገደማ ነው። በ3ኛው ሳምንት መራመድ ይጀምራል፤ የወተት ጥርሱም ብቅ ይላል። በ8 ሳምንት 28ቱም የወተት ጥርሶች ይሞላሉ። ከእናቱ መለየት ያለበት ከ8 ሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከተለየ በሽታ መቋቋም ያቅተዋል፤ የንክሻን ልክም ከእናቱና ከወንድሞቹ ሳይማር ይቀራል። የእብድ ውሻ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በ3 ወር አካባቢ ስለሆነ፣ የአንድ ወር ቡችላ ይዞ «ለእብድ ውሻ ተከትቧል» የሚል ሻጭ አይታመንም።

ጤነኛ ቡችላ ዓይኑ የጠራ፣ አፍንጫው የማይዝረከረክ፣ ሲጠሩት የሚሮጥ ነው። ከስቶ ሆዱ ብቻ ከተነፋ ትል ሊኖርበት ይችላል። ደም ያለበት ተቅማጥ ደግሞ ፓርቮ የሚባለው ቡችላን በፍጥነት የሚገድል በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

4. የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም

በሽታው በንክሻ፣ በጭረት ወይም ውሻው ቁስልን ሲልስ በምራቁ ይተላለፋል። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ1885 (በእኛ 1877 ዓ.ም.) ሉዊ ፓስተር ክትባቱን የሞከረለት ጆሴፍ ማይስተር የ9 ዓመት ልጅ ነበር፤ ዳነ። በዓለም ላይ ባበደ ውሻ ተነከሱ ተብለው ከሚጠረጠሩት ሰዎች 100 ቢሆኑ 40ዎቹ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። እኛን የሚመለከት ነው እኮ!

ከተነከስን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እንጠበው፤ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። «ይቆጡኛል» ብለን አንደብቅ። ፀበል የሚጠጣም ይጠጣ፤ መርፌውን ግን እንዳይተወው።

5. የደጋው ጉዳይ

በዳባትና በደባርቅ በኩል ውሻ የእረኛ ጓደኛ ነው፤ በግ ከጅብና ከቀበሮ ይጠብቃል። ችግሩ ያልተከተበ ውሻ በሽታውን ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይዞ ሊገባ መቻሉ ነው። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የለም፤ በአገራችን የቀሩትም 500 ገደማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ከደጋ የመጣ ዘመድ ቡችላ ሲወስድ «አስከትበው» እንበለው።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው ወንድ ቡችላ ብቻ ስለሚፈልግ ሴቶቹ መንገድ ላይ ይጣላሉ። ያልተከተቡ የመንገድ ውሾች የሚበዙት እንዲህ ነው። ሴቷም ቤት ትጠብቃለች!

ዘንድሮ እኛ ቤት ቡችላ አለች። ጎረቤታችን እትዬ ናቸው በነጻ የሰጡን። እናቷን አይተን፣ 9 ሳምንት እስኪሞላት ጠብቀን ወሰድናት፤ በ3 ወሯ አስከተብናት። ወረቀቷን ወንድሜ ከደብተሩ ጋር ነው የሚያስቀምጠው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» አይደል? አሁን ማታ ማታ ሰፈሩን አላስተኛ ብላለች!

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. ቡችላ ከእናቱ የሚለየው ከስንት ሳምንት በኋላ ነው?
2. ውሻ ሲነክሰን መጀመሪያ ምን እናደርጋለን?
3. በሰፈራችሁ ካሉት ውሾች ስንቱ ተከትበዋል? ባለቤቶቻቸውን በትሕትና ጠይቃችሁ ጻፉልን።

መልሳችሁን ለክበባችን አስገቡ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል