ሳያርሱ ባላባት ያፈሩ ሕዝቦች

መሳፍንት፣ ባሪያና በዘር የሚወረስ ማዕረግ የእርሻ ውጤቶች ናቸው የሚለው አስተሳሰብ በብዙ የታሪክ መማሪያዎች ውስጥ ይገኛል። አርኪዮሎጂስቱ ጎርደን ቻይልድ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ ገበሬው ከዕለት ፍጆታው የሚተርፍ እህል ማምረት በመቻሉ የእጅ ባለሙያዎችንና ገዥዎችን መቀለብ ተቻለ። ከዚህ በመነሣት፣ በአደንና በለቀማ የሚተዳደር ሕዝብ ሁሉ በትናንሽ ቡድኖች እየተዘዋወረ በእኩልነት እንደሚኖር ይታሰብ ነበር። ይህ ግምት ምን ያህል ትክክል ነው? ለመመርመር እንዲያመቸን የሰሜን አሜሪካን የፓስፊክ ጠረፍ እንመልከት።

የሳልሞን ጎተራ

ከደቡብ ምሥራቅ አላስካ እስከ ዋሽንግተን ግዛት ባለው ጠረፍ ለብዙ ዘመናት የኖሩትና ዛሬም የሚኖሩት ትሊንጊት፣ ሃይዳ፣ ሲምሺያንና ሌሎችም ሕዝቦች እህል አያርሱም ነበር። ዋና ምግባቸው ሳልሞን የተባለው ዓሣ ነው። ሳልሞን በወንዝ ይፈለፈላል፤ በባሕር ያድጋል፤ እንቁላሉን ለመጣል ደግሞ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ስለሆነም በታወቀ ወቅትና በታወቀ ስፍራ እጅግ በብዛት ይገኛል።

ይሁን እንጂ ወቅቱ አጭር ነው፤ ዓሣውም ቶሎ ይበሰብሳል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አጥምዶ፣ ሰንጥቆና በጭስ አድርቆ ለክረምት ለማኖር ብዙ እጅና አስተባባሪ አለቃ ያስፈልጋል። ለገበሬ ጎተራው የሚሰጠውን አገልግሎት፣ ለእነዚህ ሕዝቦች ከጽድ ወገን ከሆነው ሴዳር የሚሠራው ሣጥን ሰጥቷል። ክረምቱንም ከዚሁ ዛፍ ሳንቃ በተሠሩ፣ በርካታ ቤተሰቦችን በሚይዙ ትላልቅ ቤቶች በመንደር ተሰብስበው ያሳልፉት ነበር።

ከሀብት ወደ ማዕረግ

ዓሣው የሚያልፍበት ስፍራ የታወቀ በመሆኑ ሊጠበቅና ባለቤት ሊኖረው ይችላል። የማጥመጃ ስፍራዎች ከማዕረግ ስሞች ጋር በዘር ይወረሱ ነበር። ኅብረተሰቡም በመኳንንት፣ በተራው ሕዝብና በአብዛኛው በጦርነት በተማረኩ ባሪያዎች የተከፈለ ነበር። አንድ አለቃ ማዕረጉን የሚያጸናው ፖትላች በተባለ ድግስ ሲሆን፣ በዚህም በምስክሮች ፊት ሀብቱን ያከፋፍላል። የካናዳ መንግሥት ድግሱን ከ1885 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክሎት ነበር።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪው አላን ቴስታር እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ልዩነቱን የሚያመጣው እርሻ ሳይሆን ምግብ ማከማቸት እንደሆነ ተከራክሯል። በፍሎሪዳ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ የነበሩት ካሉሳዎችም በዓሣ እየኖሩ ኃያል ንጉሥ ነበራቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከዛጎል ክምር የሠሯቸው የውኃ ግቢዎች ዓሣን በሕይወት ለማቆየት እንዳገለገሉ አመልክቷል። ሆኖም ማከማቸት ብቻውን በቂ አይመስልም፤ የምግቡ ምንጭ በአንድ ስፍራ የተወሰነና በጥቂቶች ቁጥጥር ሥር ሊውል የሚችል መሆንም አለበት።

ጉዳዩ የመማሪያ ክፍል ክርክር ብቻ አይደለም። በሳልሞን ወንዞች ሽቅብ የሚኖሩት ጊትክሳንና ዌትሱዌቴን ያቀረቡትን የመሬት ባለቤትነት ጥያቄ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ውድቅ አድርጎት ነበር። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1997 እ.ኤ.አ. በቃል የተላለፈ ታሪክ በማስረጃነት ሊመዘን እንደሚገባው ወስኖ፣ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዟል። ያላረሰ ሕዝብ ሥርዓት አልነበረውም ብሎ መደምደም እንግዲህ ርስትን እስከ ማሳጣት የሚያደርስ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ ጥንታዊ ሕዝብ ስናጠና አርሷል ወይስ አላረሰም ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ ምግቡ የት ይገኝ ነበር? ምን ያህል ጊዜስ ይቆይ ነበር? የማንስ ነበር? ብለን እንጠይቅ።