ከቪክስበርግ እስከ ጉራዕ

(መቐለ፣ ሓወልቲ፤ ሻይ ቤት በረንዳ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርና የሰፈር ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ተማሪዋ፦ አቦይ፣ የአሜሪካ ታሪክ አሰልችቶኛል። 1776 ነጻነት፣ 1861 የእርስ በርስ ጦርነት፣ 1865 ማብቂያው። ሸምድጄዋለሁ፤ ግን ለእኛ ምናችን ነው?

መምህሩ፦ ጉራዕ ላይ አፄ ዮሐንስን የወጋው ማን ነው?

ተማሪዋ፦ ግብፅ ናታ!

መምህሩ፦ አዎ። የዘማቹ ጦር ኤታማዦር ሹም ግን ዊልያም ሎሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። አንድ ክንዱን በ1847 የሜክሲኮ ጦርነት ነው ያጣው። በዚያ ጦርነት አሜሪካ ካሊፎርኒያን ጨምሮ ሰፊ መሬት ወሰደች። በአዲሱ መሬት ባርነት ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው ጠብ ደግሞ እየከረረ ሄዶ አገሪቱን ከሁለት ከፈላት። ሎሪንግ ከደቡቦቹ፣ ከባሪያ አሳዳሪዎቹ ጋር ቆመ፤ ተሸነፉ።

ተማሪዋ፦ የተሸነፈ ጄኔራል ካይሮ ምን ይሠራል?

መምህሩ፦ እሱን ጥጥ ነው የሚነግርሽ፣ ጓለይ። ሰሜኖቹ የደቡብን ወደቦች በመርከብ ሲዘጉ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ፤ የግብፅ ጥጥ ዋጋ ናረ። የግብፁ ገዥ (ኬዲቭ) እስማኤል በ1863 ሥልጣን ላይ ሲወጣ ገንዘብ እንደ ጎርፍ ይገባ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ዋጋው ወረደ። እስማኤል ግን እጁን አልሰበሰበም፤ እየተበደረ ቀጠለ። የአፍሪካ ግዛቱን ሊያሰፋ አስቦ ሥራ ፈት የነበሩ አሜሪካውያን መኮንኖችን ቀጠረ፤ ወደ 50 ይጠጋሉ። ካይሮ የነበረው የበላያቸው ቻርለስ ስቶን ሰሜናዊ ነበር። አራት ዓመት ሲገዳደሉ ከርመው የአንድ ጌታ ደመወዝ በሉ!

ተማሪዋ፦ ባርነትን የደገፈ ሰው መጥቶ እኛን ወጋን ማለት ነው?

መምህሩ፦ ቀስ በይ። እኛ ዘንድ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው፤ ከአሜሪካ 77 ዓመት ዘግይቶ። ይህንንም ጻፊ።

ተማሪዋ፦ እሺ። ጉራዕስ?

መምህሩ፦ በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ የግብፅን ጦር የመራው ዴንማርካዊው አረንድሩፕ ከነጦሩ አለቀ። ኬዲቩ ሊበቀል ራቲብ ፓሻን ላከ፤ ሎሪንግ ምክትሉ ሆኖ መጣ። ከመሐንዲሶቹ አንዱ ሳሙኤል ሎኬት ነበር፤ የደቡቦቹን የቪክስበርግ ምሽግ የሠራው ሰው! ቪክስበርግን ሰሜኖቹ በ1863 ከበው፣ አስርበው ያዟት። ጉራዕ ላይ ግን የግብፆቹ ምሽግ አልተደፈረም። በመጋቢት 1876 ግብፆቹ ከምሽጋቸው ወጥተው ሜዳ ላይ ገጠሙ፣ በዚያው ተፈጁ። የዮሐንስ ሰው አሜሪካ ሠራሽ ሬሚንግተን ጠመንጃ በሺህ የሚቆጠር ማረከ። አሜሪካኖቹ አገራቸው ገብተው በመጽሐፍ ጥፋቱን ሁሉ በግብፅ አዛዦች ላይ ደፈደፉት። እኔ ይህን ዓይነት ምስክርነት አላምንም፤ የተሸነፈ አማካሪ ጥፋት የማን ነው ቢሉት ምን ይላል?

ተማሪዋ፦ ከዚያ በኋላ ግብፅ ምን ሆነች?

መምህሩ፦ በዚያው ዓመት ዕዳዋን መክፈል አቃታት። በ1882 እንግሊዝ ገባችባት። ስቶንም አገሩ ተመልሶ የኒውዮርኩን የነጻነት ሐውልት መቆሚያ በመሐንዲስነት አሠራ። በ1884 ዓድዋ ላይ በተፈረመው ውል ግብፆች በሰሜን የያዙትን የቦጎስን አገር ለቀው እንዲወጡ ተስማሙ።

ተማሪዋ፦ የምጽዋን ወደብስ ለእኛ መለሱልን?

መምህሩ፦ ዕቃችን በነጻ እንዲያልፍባት ውሉ ፈቀደ። ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በየካቲት 1885፣ ጣልያን ያዛት፤ እንግሊዝም ዝም አለች።