የኢሜይል መልእክት ከተቀባዩ ዘንድ እንዲደርስ

በዛሬው ትምህርታችን ማኅበራትም ሆኑ ነጋዴዎች ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚልኩት ኢሜይል እንመለከታለን። ብዙ ላኪዎች የሚደክሙት መልእክቱን በማሳመር ነው። ይሁን እንጂ ያማረው መልእክት ስፓም ወደሚባለው ሣጥን ከገባ የሚያነበው አይገኝም። ስለዚህ አስቀድመው ሁለት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል፤ እነርሱም የላኪው ማንነትና የተቀባዩ ፈቃድ ናቸው።

አንደኛ፤ ማንነት። በሌላው ስም ኢሜይል መላክ ቀላል በመሆኑ አጭበርባሪዎች በታወቁ ድርጅቶች ስም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ይህንን ለመከላከል በላኪው ዶሜይን የዲኤንኤስ መዝገብ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይጻፋሉ። ኤስፒኤፍ በስማችን እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም መልእክቱ በመንገድ ላይ አለመለወጡን የሚያረጋግጥ የዲጂታል ፊርማ ቁልፍ ይይዛል። ዲማርክ ደግሞ ማረጋገጫውን ያላለፈ መልእክት ይለፍ፣ ወደ ስፓም ይግባ ወይስ ይመለስ የሚለውን ይወስናል። ጂሜይል በቀን 5000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ደንበኞቹ በሚልኩት ላይ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሦስቱንም ግዴታ አድርጓል። መሟላታቸውን ለማወቅ ወደ ራስዎ ጂሜይል አንድ መልእክት ይላኩና በኮምፒዩተር ላይ «ኦሪጅናሉን አሳይ» የሚለውን ይክፈቱ፤ የሦስቱም ውጤት ይታያል።

ሁለተኛ፤ ፈቃድ። በዚሁ ደንብ መሠረት የማስተዋወቂያ መልእክት በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ መውጫ ሊኖረው፣ ጥያቄውም በ2 ቀን ውስጥ ሊፈጸም ይገባል። «ስፓም ነው» የሚሉ ተቀባዮች ቁጥርም ከመቶ 0.3 መድረስ የለበትም፤ ይህም ከ1000 መልእክት 3 ማለት ነው። ከዚህ ካለፈ መልእክቱን በጉጉት ለሚጠብቁት ጭምር ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ስለሆነም አድራሻ ከሌላ አይግዙ፤ አዲስ ተመዝጋቢ በኢሜይሉ በሚደርሰው ማያያዣ ፈቃዱን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይጨምሩት፤ የማይሠሩ አድራሻዎችንም ያስወግዱ።

ሦስተኛ፤ ራሱን የሚሠራው ፕሮግራም። አውቶሜሽን የሚባለው ይህ አሠራር መቼ እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚያቆምም ሊነገረው ይገባል። ክፍያውን ለፈጸመ ሰው «እባክዎ ይክፈሉ» የሚል ማስታወሻ ደግሞ ቢደርሰው ቅር ይለዋል። «ስንት ሰው ከፈተው» በሚለው ቁጥርም አይታለሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የአፕል የኢሜይል ፕሮግራም የተጠቃሚውን ምስጢር ለመጠበቅ ምስሎችን ቀድሞ ስለሚያወርድ ያልተነበበውም እንደተነበበ ሊቆጠር ይችላል። የተሻለው መለኪያ የሚመጣው መልስና የተከፈተው ማያያዣ ነው።

በአጠቃላይ የሰው አድራሻ በላኪው እጅ የተቀመጠ አደራ ነው። ባለቤቱ በፈቀደው መጠን የተጠቀመበት ላኪ በቀጣዩም ጊዜ የሚሰማው ያገኛል።