የጥርስ ወንበር ፍርሃት፦ «አብሽር» ከማለት ባሻገር



ጉንጩን በሻሽ ጠቅልሎ፣ በታመመው ጥርሱ ላይ ቅርንፉድ ነክሶ ሌሊቱን ሲንቆራጠጥ የሚያድር ሰው በየቤታችን አይጠፋም። ሲነጋ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ሲባል «ተውኝ፣ ተሽሎኛል» ይላል። የተሻለው ነገር ግን የለም። ያስቀረው የወንበሩ፣ የመርፌውና የጉጠቱ ፍርሃት ነው። ለባቲ የሰኞ ገበያ ሌሊት ተነስቶ መንገድ የሚመታ ብርቱ ሰው፣ ለጥርሱ ሲሆን ደጃፉ ያለው ሐኪም ቤት ይርቅበታል።

እኛም እንዲህ ያለውን ሰው «አብሽር፣ ምንም አይደለም» ብለን እናልፈዋለን። አብሽር ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። የጥርስ ሕክምና ፍርሃት እንደ ማንኛውም የጤና ችግር መፍትሔ ያለው ነገር ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን ሕክምናውን ለሚፈሩ ሰዎች ያሉትን የማረጋጊያ መንገዶች ከቀላሉ ጀምረን ደረጃ በደረጃ እናያለን።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

የአያቶቻችን ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። በዘመናቸው ጥርስ የሚነቀለው ያለ ማደንዘዣ፣ በጉጠት ነበር። በዓለም ታሪክም ቢሆን ማደንዘዣ ቅርብ ጊዜ የመጣ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1013 ያረፈው የአንዳሉሱ ታላቅ ሐኪም አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ ስለ ጥርስ በጻፈው ትምህርት ሐኪሞች ለመንቀል እንዳይቸኩሉ አጥብቆ መክሯል፤ ሕመምተኛው ተሳስቶ ጤነኛውን ጥርስ ሊያስነቅል እንደሚችልም አስጠንቅቋል። እርሱ ግን ዛሬ ያለን መርፌ አልነበረውም። ሆራስ ዌልስ የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ስቦ የራሱን ጥርስ ያስነቀለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1844 ነው። ዛሬ በየሐኪም ቤቱ ለጥርስ የሚሰጠው ሊዶኬይን ደግሞ በስዊድን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ስለዚህ ከአያት የሰማነው የስቃይ ታሪክ እውነት ነው፤ ግን የዛሬው ሕክምና ታሪክ አይደለም።

ሁለተኛው የፍርሃት ምንጭ እኛው ወላጆች ነን። ልጅ ሲያስቸግር «ዝም ካላልክ መርፌ አስወጋሃለሁ» እንላለን። መድኃኒቱን የቅጣት መሣሪያ አድርገን ካሳደግነው በኋላ፣ ጥርሱን ሲያመው «አትፍራ» ብንለው አያምነንም።

ፍርሃት ሕመሙን እንዴት ያብሳል?

ብዙ ሰዎች «እኔን ማደንዘዣ አይዘኝም፤ ባለፈው እያመመኝ ነው የነቀሉኝ» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሚከተለው ነው። የማደንዘዣ መድኃኒቱ ወደ ነርቩ ገብቶ የሕመሙን መልእክት ያግዳል። ያበጠና መግል የቋጠረ ሥጋ ግን አሲድነቱ ከፍ ስለሚል መድኃኒቱ ወደ ነርቩ እንደ ልብ አይገባም። ሰውዬው በፍርሃት ስለዘገየ ጥርሱ አብጧል፤ ስላበጠ ማደንዘዣው በደንብ አልሠራም፤ ስላልሠራ አመመው፤ ስላመመው ደግሞ ለሚቀጥለው ይበልጥ ይፈራል። ይህ ክብ የሚሰበረው ገና ሳያብጥ በመሄድ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። ካበጠም በኋላ ቢሆን ተስፋ አይቁረጡ። ሐኪሙ ከእብጠቱ ራቅ ብሎ ዋናውን ነርቭ ሊያደነዝዝ፣ ወይም አስቀድሞ መግሉን ሊያፈስ ይችላል።

ሦስቱን ቃላት እንለይ

ማስታገሻ፦ እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያለ ሕመም የሚቀንስ መድኃኒት ነው።
ማደንዘዣ፦ የሚሠራበትን ቦታ ስሜት የሚያጠፋ መድኃኒት ነው።
ማረጋጊያ፦ ፍርሃትንና ጭንቀትን የሚቀንስ መድኃኒት ነው።

አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ማረጋጊያ የወሰደ ሰው ጭንቀቱ ቢለቀውም ጥርሱ ስላልደነዘዘ የማደንዘዣ መርፌው ያስፈልገዋል። ልዩነቱ፣ መርፌው ሲመጣ እንደ ድሮው አለመንቀጥቀጡ ነው።

የማረጋጊያ መንገዶች

1. ያለ መድኃኒት ማረጋጋት። ለብዙ ሰው ይህ ብቻ ይበቃል። ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት «ዶክተር፣ እኔ በጣም እፈራለሁ» ብለው ይንገሩ። በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ በሚቀልዎት ቋንቋ ይናገሩ፤ አያሳፍርም። ከሐኪሙ ጋር ምልክት ይስማሙ፤ ግራ እጄን ሳነሳ ያቁሙልኝ ይበሉ። የማቆም ሥልጣን እንዳለው የሚያውቅ ሰው ፍርሃቱ ይቀንሳል። ቀጠሮዎን ጧት ያድርጉት፤ ቀኑን ሙሉ ሲጨነቁ አይዋሉ። ቀስ ብለው በአፍንጫ ይሳቡ፣ ከሳቡት በረዘመ ጊዜ ያስወጡ፤ ዚክርም ያድርጉ። ከተቻለ የመጀመሪያው ቀን ለምርመራ ብቻ ይሁን። መርፌው ከመግባቱ በፊት ድድ ላይ የሚቀባ ማደንዘዣ ካለ ይጠይቁ።

2. የማደንዘዣ መርፌ። ይህ የሕክምናው መሠረት ነው። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል። የከንፈርና የጉንጭ መደንዘዝ ለጥቂት ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። መርፌው ሲገባ የሚሰማው ቁንጥጫ አጭር ነው። ሥራ ሲጀመር የመጫን ስሜት ይኖራል፤ የስለት ሕመም ግን ሊኖር አይገባም። ካለ እጅዎን ያንሱ፤ ሐኪሙ ይጨምርልዎታል።

3. የሚሳብ ጋዝ። ናይትረስ ኦክሳይድ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ በአፍንጫ ጭምብል ይሳባል። ሰውዬው አይተኛም፤ ይዝናናል፣ ሲያናግሩትም ይመልሳል። ሲያበቃ ንጹሕ ኦክስጅን ከሳበ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። ልዩ መሣሪያ ስለሚፈልግ በሀገራችን የጥርስ ክሊኒኮች በስፋት አይገኝም። አፍንጫው ለተዘጋና በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ላለች ሴት አይመከርም።

4. የሚዋጥ ክኒን። እንደ ዲያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች ከሕክምናው በፊት ተውጠው ጭንቀትን ይቀንሳሉ። የሚያዝዘውና መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከጎረቤት ተበድሮ ወይም ያለ ማዘዣ ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው። ከሌላ የእንቅልፍ መድኃኒት ወይም እንደ ትራማዶል ካለ ጠንካራ ማስታገሻ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ለአዛውንቶች፣ ለነፍሰ ጡሮችና የአተነፋፈስ ችግር ላለባቸው ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

5. በደም ሥር የሚሰጥ ማረጋጊያ። ሚዳዞላም የተባለው መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል። ሕመምተኛው እንደ ማንጎላጀት ይላል፤ ሲጠሩት ግን ይሰማል። ብዙዎች በኋላ የሆነውን አያስታውሱም። ይህ የሚሰጠው ኦክስጅንና የደም ኦክስጅን መለኪያ ባለበት፣ ጥርሱን ከሚሠራው ሐኪም ሌላ ትንፋሽዎን ብቻ የሚከታተል የሠለጠነ ሰው ባለበት ቦታ ነው።

6. ሙሉ ሰመመን። ይህ በሆስፒታል በሰመመን ባለሙያ የሚሰጥ ነው። ብዙ ጥርሳቸው ለተበላሸ ትንንሽ ልጆች፣ በአእምሮ እድገት ውስንነት ምክንያት መተባበር ለማይችሉ፣ ወይም ትልቅ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ነው እንጂ አንድ ጥርስ ለማስነቀል ብቻ አይመረጥም።

የት እንሂድ?

እንደ ከሚሴ፣ ባቲና ሰንበቴ ባሉ ከተሞቻችን የምንኖር ሰዎች መጀመሪያ የምንጠይቀው በቅርባችን ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች በትዕግሥት ከተሠሩ ብዙዎቻችንን ይበቁናል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ሪፈር ተጽፎለት ወደ ኮምቦልቻ፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል። ከከሚሴ ኮምቦልቻ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የመኪና ከማውጣትዎ በፊት ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማረጋጊያውን የሚሰጠው ማነው? ኦክስጅንና መለኪያው አለ? ከሕክምናው በኋላ ምን ያህል ሰዓት ታቆዩኛላችሁ? መልሱን የማያውቅ ቦታ ማረጋጊያ ሊሰጥዎ አይገባም።

ከመሄድዎ በፊት

• «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ አስም፣ የልብ ሕመም፣ እርግዝና፣ ጡት ማጥባት ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ይናገሩ።
• ጫት የሚቅሙ ከሆነ አይደብቁ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ በጥርስ ማደንዘዣ ውስጥ የሚጨመረው አድሬናሊንም እንዲሁ ያደርጋል። ቢያንስ በዋዜማውና በዕለቱ ይተውት።
• ለማደንዘዣ መርፌ ብቻ ከሆነ ቁርስዎን በልተው ይሂዱ፤ በባዶ ሆድ የፈራ ሰው በቀላሉ ራሱን ይስታል። በደም ሥር ማረጋጊያ ወይም ለሰመመን ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት በፊት እንዲያቆሙ ይታዘዛሉ። ሁለቱን አያደባልቁ።
• የኦክስጅን መለኪያው ጣት ላይ ይደረጋል። ጥፍር ላይ ያለ ጥቁር ሂና ወይም ቀለም ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል ለነርሷ ይንገሩ።
• እህቶች ማረጋጊያ ሲሰጣቸው ባል፣ እናት፣ ወንድም ወይም ሴት ነርስ አብራ እንድትሆን መጠየቅ መብታቸው ነው።

ከሕክምናው በኋላ

ክኒን ወይም የደም ሥር ማረጋጊያ የወሰደ ሰው ብቻውን ወደ ቤት አይሂድ። እስከ ማግስቱ መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር አይንዳ፤ ውል አይፈርም፤ ከብት አይሽጥ፤ እናት ብቻዋን ሕፃን ይዛ ምድጃ ዳር አትቀመጥ። የደነዘዘ ልጅ ከንፈሩን እያኘከ ሊያቆስል ስለሚችል እስኪለቀው ድረስ ይጠብቁት፤ ምግብም ይቆይ።

ጾምና ሶላትስ?

በረመዳን ብዙ ሰው የጥርስ ሕክምናውን እስከ ዒድ ያቆያል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው፣ ጥርስ ማስነቀል፣ ማስቦርቦርና ማጽዳት ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ ጾምን እንደማያፈርሱ ወስኗል። ምግብነት የሌላቸው መርፌዎችና፣ የሚመግብ ፈሳሽ እስካልተሰጠ ድረስ የሰመመን ጋዝም እንዲሁ ናቸው። የታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣም ተፈቅዶለታል። በመሆኑም ጾም ያበጠን ጥርስ ለማቆየት ምክንያት አይሆንም። ራሱን ስቶ የነቃ ሰው ውዱእ ማድረግ አለበት። ስለሚደማ አፍና ስላለፈ ሶላት በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ የአካባቢዎን ዓሊም ይጠይቁ።

ፍርሃት የማያስጠብቅ ምልክት

እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ከአገጭ ሥር ከወረደ፣ ትኩሳት ከያዘ፣ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ይህ የፍርሃት ጉዳይ አይደለም። ኢንፌክሽኑ የአየር መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ቀጠሮና ማረጋጊያ ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢ! ዲናችን መታከምን አዞናል፤ አፍን በሲዋክ ማጽዳትንም አስተምሮናል። ሲዋኩ ጥርሱ ሳይበሰብስ፣ ሐኪሙም ሳያብጥ ቢቀድሙ ፍርሃቱ ራሱ ያንሳል። የምትፈራ እናት ወይም ልጅ በቤትዎ ካለች አይሳቁባት፤ «አብሽሪ» ብለዋት አይተዉዋት። አብረዋት ይሂዱ፣ ከወንበሩ አጠገብ ይቁሙ፣ ፍርሃቷን ለሐኪሙ ይንገሩላት። ለብዙ ሰው የመጀመሪያው ማረጋጊያ ይኸው ነው።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ጤናችንን ይጠብቅልን። አሚን።